ከኮርኒሱ በላይ

የጣራውን ወጪ ስንተምን አርባ አራት ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የሁለት ሰው የሁለት ቀን የእጅ ዋጋ፣ የመኪና ጭነት፤ በቃ፣ ይኸው ነው ብለን ነበር። እኔ ግን በቃ የሚባል ነገር እንደሌለ ስለማውቅ፣ ለማይታወቅ ወጪ ብዬ ስምንት ሺህ ብር ለብቻው ቋጠርኩ። ባለቤቴ ገዳ ሲያየኝ ሳቀ።

"ደግሞ የማይታወቅ ወጪ ምንድን ነው?"

"ቢታወቅማ ስሙን እነግርህ ነበር" አልኩት።

ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ስልክ በማይጠራበት ሰዓት ከጠራ መርዶ ነው። ገዳ ከብረታ ብረት ፋብሪካው ሃያ ደቂቃ ከዘገየ እጁ ማሽን ውስጥ ገብቷል። ልጄ ሃሌሉያ ሁለቴ ካስነጠሰች የሳንባ ምች ነው። ገዳ ይህን ሁሉ "ሟርት" በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ይዘጋዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ ደግሞ ሳይደርስ ይቀራል።

ቤታችን ከአቃቂ የድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነው። በሁለት ጊዜ የተሠራ ነው። ሁለቱን መኝታ ቤቶች የገዳ አባትና እናት በወጣትነታቸው ሠሯቸው፤ ሳሎኑ እኔና ገዳ ስንጋባ፣ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የተቀጠለ ነው። አማቴ አዴ ከውሲ በአንደኛው መኝታ ቤት፣ እኔና ገዳ በሌላኛው እንተኛለን። አሥራ አንድ ዓመቷ ሃሌሉያ ሳሎን ውስጥ፣ ማታ ተዘርግቶ ጠዋት የሚጠቀለል ፍራሽ አላት። ባለፈው ክረምት ከፍራሹ ዙሪያ ሦስት ባልዲ እናስቀምጥ ነበር። በዚህ ዓመት ባልዲ አይበቃም፤ ቆርቆሮው ከዝገቱ ብዛት በቀዳዳው ፀሐይ ያሳያል።

በእኛ ሰፈር ጣራ የሚከፈተው ቅዳሜ ነው። የእድሳት ፈቃድ ለመጠየቅ የቤት ካርታ ያስፈልጋል፤ የእኛ ካርታ ደግሞ በሟቹ አማቴ ስም ነው፣ ውርሱ ገና አላለቀም። ስለዚህ እኛም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ልናደርግ አሰብን። ቅዳሜ ጠዋት ይከፈታል፤ እሑድ ከመምሸቱ በፊት ይከደናል፤ ሰኞ ደንብ አስከባሪ ሲያልፍ የሚያየው አዲስ ቆርቆሮ እንጂ ክፍት ቤት አይደለም። ክፍት ቤት ካየ ሥራ ያስቆማል። በሰኔ የቆመ ሥራ ደግሞ ሐምሌ ላይ ጭቃ ነው።

አናጢው ጋሽ አጥናፉ ለግምት የመጡ ቀን ሳሎኑ መሃል ቆመው ቀና አሉ።

"ይህን ኮርኒስ አንድ ጥግ ልቅደደውና እንጨቱን ልየው" አሉ።

ኮርኒሱን ለፋሲካ በአዲስ አቡጀዲ አስወጥረን፣ ክሬም ቀለም አስቀብተነው ነበር። ገና የቀለሙ ሽታ አልለቀቀም።

"ኧረ ጋሽ አጥናፉ! ቆርቆሮው ሲነሳ ከላይ ያዩት የለም እንዴ?"

እውነቱን ለመናገር የቀለሙ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ጨርቅ በላይ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። ተቀድዶ ምን እንደሚወርድብን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁም።

"እንጨቱን ሳያይ ዋጋ የሚናገር አናጢ ጠንቋይ ነው" አሉ። "በኋላ እንዳትቀየሙኝ።"

"ይተዉት ጋሼ" አለ ገዳ። "እሷ አንዴ ከፈራች አለቀ።"

ተዉት። ለሰው እጅ፣ ለጉንፋን፣ ለስልክ ጥሪ የምፈራ ሴት፣ ልጄ የምትተኛበትን ጣራ እንዳያዩት አናጢውን ከለከልኩ።

ቆርቆሮውን ዋናው መንገድ ላይ ካለው ከሙህዲን ሱቅ ገዛን። ገዳ የዋጋውን ዝርዝር አየና ዓይኑ ርካሹ ላይ አረፈ። "ሠላሳ አምስት ጌጅ ከሠላሳ ሁለቱ አይበልጥም እንዴ?"

ሙህዲን ሳቀ። "ጋሼ፣ የቆርቆሮ ቁጥር እንደ ሰው ዕድሜ አይደለም። ሲጨምር ይሳሳል። ሠላሳ አምስቱ ላይ ድመት ብትሄድ ዱካዋ ይቀራል። ለአጥር ከሆነ ውሰደው።"

"ለቤት ነው" አልኩ።

"ለቤት እንግዲህ ሠላሳ ሁለት። እንጨትስ? ሞራሌ አለኝ፣ የደረቀ። ብዙ ሰው ቆርቆሮ ገዝቶ ይሄድና በማግስቱ እንጨት ፍለጋ እየሮጠ ይመለሳል።"

"እንጨቱ ደህና ነው" አለ ገዳ።

ዞር ብሎ አላየኝም። እኔም ብሩን መቁጠር ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አዴ ከውሲን ደግፈን ወደ ጎረቤታችን ወደ እታገኝ በረንዳ ወሰድናቸው። በሰባ ስምንት ዓመታቸው ቤታቸው ሲገለጥ ማየት አልፈለጉም፤ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙሩልኝ አሉ። ጋሽ አጥናፉና ቢራ የሚባለው ረዳታቸው ሥራቸውን ከመኝታ ቤቶቹ በኩል ጀመሩ። ቢራ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሰውነቱ ሞላ ያለ ነው፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መሰላሉ ይጮኻል። ለእሱም ፈራሁለት።

የመኝታ ቤቶቹ ቆርቆሮ ሲነሳ እንጨቱ ጥቁር፣ ደረቅ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሆኖ ተገኘ። ሚስማሩ አልገባ እያለ ሁለት ጊዜ ጎበጠ።

"እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ የት ይገኛል!" አሉ ጋሽ አጥናፉ። "የሃሌሉያ እናት፣ አሁን ተኝተሽ እደሪ።"

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ አራቱ ቆርቆሮ ተመቶ አለቀ። ከፀሐዩ የተነሳ ዓይን አያሳይም። ገዳ መንገድ ላይ ወጥቶ ከሩቅ አየው፣ ከዚያም ከቅርብ አየው፣ ጎረቤት ጠርቶም አሳየ። እኔ እንኳ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም ክፉ ነገር አልታየኝም ነበር።

ከዚያ ወደ ሳሎኑ ተሻገሩና ቆርቆሮውን ማንሳት ጀመሩ። ሃሌሉያና እኔ ውስጥ ሆነን ሶፋውን በላስቲክ እንሸፍን ነበር። ከላይ የሆነ ነገር እንደ ደረቅ ዳቦ ቀሽ አለ። ቀና ስል ከክሬሙ ኮርኒስ ውስጥ አንድ ጫማ፣ ቀጥሎ አንድ ሙሉ እግር እስከ ጭኑ ወጣ።

"የማን እግር ነው?" አለች ሃሌሉያ።

"ያዙኝ!" ቢራ ከላይ ጮኸ። "አትሳቂ አንቺ ልጅ፣ ያዙኝ!"

"አትንቀሳቀስ!" የጋሽ አጥናፉ ድምፅ ነው። "በሁለት እጅህ ወራጁን ያዝ! አይ፣ አይ፣ ወራጁን አትያዝ! ግድግዳውን! ግድግዳውን ያዝ!"

ገዳ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ እግሩን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ጋሽ አጥናፉ ከላይ በብብቱ ሲጎትቱ፣ ቢራ በስንት መከራ ወጣ። ጭኑ ተልጧል፤ ሱሪው ተቀድዷል። ውኃ ጠጣና "የመጣሁት ጣራ ላበጅ ነው፣ ሳሎን ልገባ አይደለም" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ቀና ብዬ ቀዳዳውን አየሁ። እግሩ የወጣው ማታ የሃሌሉያ ፍራሽ ከሚዘረጋበት በላይ ነው።

ጋሽ አጥናፉ ከተሰበረው ወራጅ፣ ቆርቆሮውን ከሚሸከመው የጣራ እንጨት፣ አንድ ስባሪ ይዘው ወረዱና አቀበሉኝ። በጣቴ ስፈትገው እንደ በሶ በነነ። ከውጭ ልጡ እንዳለ ነው፤ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል፤ የተረፈውን የሚያፈሰው ቆርቆሮ አበስብሶታል።

"ይህን ነበር ልየው ያልኩት" አሉ በቀስታ።

ዱቄቱን ከጣቴ አራገፍኩ።

"አሁንስ ምንድን ነው የሚሻለው?" አለ ገዳ።

"የሳሎኑን እንጨት በሙሉ ለውጡ ካላችሁኝ፣ ከነእጅ ዋጋው ሠላሳ አምስት ሺህ ብር ይደርሳል። ያውም ነገ እሑድ ነው፤ እንጨቱ ቢገኝ እንኳ በአንድ ቀን አይጠናቀቅም። ሌላው፣ ያለውን በሽቦ ጠፍረን፣ ደህና ደህናውን እየመረጥን ቆርቆሮውን እንመታበታለን።"

"ይይዛል?"

"ሁለት ሦስት ዓመት አያሳፍርም።"

"ይኸው!" አለ ገዳ ወደ እኔ ዞሮ። "ሦስት ዓመት።"

"ሁለት ሦስት ነው ያሉት" አልኩ። "ነፋስ ቢያነሳውስ? ሌሊት ቢወርድስ? ልጅቷ እኮ—"

"አፍሽን ለበጎ አድርጊው! ይህ እንዳይሆን ከፈለግሽ አስቀድመሽ ኮርኒሱን ማስቀደድ ነበር።"

ጋሽ አጥናፉ መዶሻቸውን ማየት ጀመሩ። ገዳ ያለው የሚያከራክር አልነበረም። ስምንት ሺዬም ለሠላሳ አምስት ሺሁ ምኑም አይደለም። እሑድ ጠዋት ሽቦ ይዘው እንዲመጡ ተስማማን፤ ማለቴ ገዳ ተስማማ። ሃሌሉያ ያን ሌሊት ከአዴ ከውሲ ጋር አደረች።

በማግስቱ ቁርስ ይዤ ወደ እታገኝ በረንዳ ሄድኩ። አዴ ከውሲ ከማለዳ ጀምሮ ወንበራቸው ላይ ናቸው።

"ምን ሆንሽ? ፊትሽ ጠቁሯል" አሉኝ።

ነገርኳቸው። አዴ ከውሲ ይዤው የመጣሁትን የበሰበሰ እንጨት ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ቧጠጡት።

"ይህ ባህር ዛፍ ነው" አሉ። "እርጥብ ነበር። የመኝታ ቤቱ ጥድ ነው፤ ባለቤቴ ከየረር ተራራ በአህያ ያመጣው፤ ሁለት ክረምት ጥላ ስር አድርቆ ነው የሠራበት። ለእናንተ ሰርግ ሲሆን ጊዜ አልነበረም። በሦስት ሳምንት ሳሎን! 'ድንኳን ተከራይ' ስለው ባለቤቴ 'የልጄን ሙሽራ ድንኳን ውስጥ ላስገባ?' አለኝ። ልጡን እንኳ ሳይልጥ ነው የሰቀለው።"

"ይህን ለገዳ ነግረውታል?"

"ማን ጠየቀኝ? ወንበሬን ወደ መንገድ አዞራችሁት።"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ አዙሩልኝ ያሉት?"

"እኔማ ብያለሁ" አሉና ሻዩን ተቀበሉኝ። ትንሽ ቆይተው፣ "የመኝታ ቤቱ ጥድ ከእኔ በኋላም ይኖራል። ከሳሎኑ ባህር ዛፍ ሥር ግን እኔ አልተኛም" አሉ።

ቤት ስመለስ ጋሽ አጥናፉ ሽቦ እየቆረጡ፣ ገዳ የቀረውን ሃያ ቆርቆሮ እያቀረበ ነበር። ከገዳ የዕቃ ቦርሳ ካቻቢቴ አነሳሁና መሰላሉን ያዝኩ። በዕድሜዬ ከወንበር በላይ ወጥቼ አላውቅም። ሦስተኛው እርከን ላይ ዓይኔን ጨፈንኩና ወጣሁ።

"ውረጂ! ምን ልትሠሪ ነው?" አለ ገዳ።

"መሰላሉን ያዝልኝ።"

ከፍራሹ ቦታ በላይ ያለውን ወራጅ በካቻቢቴው ወጋሁት። እስከ እጀታው ገባ። ቀጣዩን ወጋሁት፤ ገባ። ሦስተኛው መለሰኝ። አራተኛው ገባ።

"ና ራስህ ሞክረው" አልኩና ወረድኩ። ካቻቢቴውን ሰጠሁት።

ገዳ ወጣ። ሃያ ዓመት ብረት ሲቆርጥና ሲበይድ የኖረ ሰው ነው፤ የሚይዝ ነገርና የማይዝ ነገር በእጁ ይለየዋል። አንዱን ወጋ፤ ሌላውን ወጋ። ከዚያ ካቻቢቴውን እንጨቱ ውስጥ እንደተሰካ ትቶት ቆመ። ሲወርድ ወደ እኔ አላየም።

"ሃሌሉያ ከእማዬ ጋር ትተኛ" አለ።

"ሳሎኑስ?"

"ሳሎኑ... እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነዋ።"

"እንግዳስ ሰው አይደለም?"

ቢራ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "እሱስ እውነቷን ነው፣ ጋሽ ገዳ። እኔ እንግዳ ሆኜ ነው ትናንት የገባሁት።"

"አንተ ዝም በል" አሉት ጋሽ አጥናፉ፤ እሳቸውም ግን ፈገግ ብለዋል።

"የበሰበሰ እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ አንምታ" አልኩ። "የሳሎኑ እንጨት ይውረድ። ክረምቱን ሁላችንም መኝታ ቤቶቹ ውስጥ እንሁን። ቆርቆሮው አይበላሽም፤ እንጨት ስንገዛ ይመታል።"

"ሳሎን የሌለው ቤት?" አለ ገዳ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ የተደበደበ ሰው ድምፅ ነበር። "ከትናንት ወዲያ እኮ ቴሌቪዥን ያየንበት ቤት ነው። አባቴ ለእኔ ብሎ... ሰው ሲመጣ የት ነው የምናስቀምጠው?"

"አልጋ ላይ።"

"ነገ ደንብ ቢመጣስ?"

"ምን ሠራችሁ ይለናል? አፈረስን እንላለን።" እርግጠኛ ሆኜ አይደለም። ማፍረስም ፈቃድ እንደሚጠይቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ግን ዋጥኩት።

ገዳ ካቻቢቴው የተሰካበትን ወራጅ ቀና ብሎ አየ። ጋሽ አጥናፉ ግራና ቀኝ አዩንና፣ "ጣራ የሌለው የጭቃ ግድግዳ ክረምቱን እንዲያልፍ አናቱ መሸፈን አለበት" አሉ። "አሮጌው ቆርቆሮ በስምምነታችን የእኔ ነበር። ይሁን፤ ለግድግዳው አናት የሚሆነውን ውሰዱ። ነፋስ የሚመታውን ጎን በላስቲክ እናለብሰዋለን። ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባው በር ላይ ደፍ እናድርግ፣ ውኃ እንዳይሻገር።"

"ይቆማል?" አለ ገዳ።

"ግድግዳው? ካልተረሳ ይቆማል። በየዝናቡ እየወጣችሁ ካያችሁት።"

ገዳ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መዶሻውን ከጋሽ አጥናፉ እጅ ወስዶ የመጀመሪያውን ወራጅ ራሱ መታው።

ኮርኒሱም ተቀድዶ ወረደ። የቀሩት ወራጆች አሥራ አራት ነበሩ። አንድ በአንድ ወደ ሲሚንቶው ወለል ሲወረወሩ ዘጠኙ እንደ ሸክላ ተሰበሩ። አምስቱ ግን ሲወድቁ ጠንካራ ድምፅ አሰሙ፤ አልተሰበሩም። ገዳ ከአምስቱ አንዱን አንስቶ ጫፉን በመዶሻ ደበደበው።

"ድምፁን ስሚ" አለኝ። "ይህ ጤነኛ ነው።"

"ነው" አልኩ።

"አምስት ጤነኛ ወራጅ፣ ሽቦ ቢጨመርበት... ምናልባት አምስት ዓመት ይቆም ነበር።"

"ሊቆም ይችል ነበር።"

"ምናልባትም አሥር።"

ወራጁን ከእጁ ተቀብዬ ከአራቱ ጎን አኖርኩት። የወደቀ ጣራ ለሁሉም ይታያል፤ ሳይወድቅ ያወረዱትን ጣራ ማን ይመሰክርለታል? በፍርሃቴ ምክንያት ቤተሰቤን ሳሎን አሳጥቼው ቢሆንስ? ሃሌሉያ የቴሌቪዥኑን ሽቦ እየጠቀለለች "አሁን ክላስ የለንም ማለት ነው?" አለች፤ ሳሎኑን እንዲህ ነው የምትጠራው፣ የቤት ሥራዋን የምትሠራበት ስለሆነ።

ዝናቡ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። መጀመሪያ ከቃሊቲ በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ፤ ቀጥሎ ነፋሱ አቧራ ይዞ በሰፈሩ ውስጥ አለፈ። ጋሽ አጥናፉና ቢራ የመጨረሻውን ድንጋይ በግድግዳው አናት ላይ አስቀምጠው ሂሳባቸውን ተቀብለው ሮጡ። ስምንት ሺዋ በላስቲኩ፣ በደፉና ባልታሰበ የእጅ ዋጋ ሄዳለች። አዴ ከውሲን ደግፌ አስገባኋቸው።

አራታችንም አንድ አልጋ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከጩኸቱ የተነሳ አንዳችን የሌላችንን ድምፅ አንሰማም። እጄን በየጥጉ አስኬድኩ፤ በየሚስማሩ ሥር አየሁ። አንድ ጠብታ የለም። አዴ ከውሲ ጥዱን ቀና ብለው አዩትና የሆነ ነገር አሉ፤ አልተሰማኝም።

ገዳ ተነስቶ በሩን ከፈተ። ሳሎኑ ውስጥ ይዘንባል። ወለሉ ኩሬ ሆኗል። ትንሽ ቆሞ አየው፤ ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ መጥረጊያ ይዞ ገባና ውኃውን ወደ ውጭው በር መጥረግ ጀመረ። የጠረገውን ያህል ከላይ ይወርዳል። ተው ብዬ ብነግረው የሚተው አልመሰለኝም። አምስቱን ወራጆች ከውኃው ውስጥ አንስቶ ወደ መኝታ ቤት አሾለካቸው፤ ከአልጋው ርዝመት ስለሚበልጡ ጫፋቸው በር ላይ ቀረ። "ለመስከረም" አለ፣ ከንፈሩን አይቼ ነው የገባኝ።

ዝናቡ ቀዝቀዝ ሲል ነጠላዬን ራሴ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ። በምዕራብ በኩል ላስቲኩ ከአንድ ጥግ ተገልጦ ይውለበለባል፤ ከሥሩ ጭቃው ርሶ ጠቁሯል፤ ጉርሻ የሚያህል ሲወድቅ አየሁ።

"ገዳ!" አልኩ።

ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም። መሰላሉን አምጥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ እርጥብ ስለሆነ በሁለት እጁ ያዘው። እኔ ወጣሁ። ላስቲኩን ስቤ ወደ ቦታው መለስኩ፤ እሱ በአንድ እጁ መሰላሉን፣ በሌላው ድንጋይ እያነሳ አቀበለኝ። ሁለተኛውን ድንጋይ ሳስቀምጥ ከቃሊቲ በኩል ሰማዩ እንደገና አጉረመረመ።

"ሌላ ድንጋይ" አልኩት።